በእግሬ ያመጣሁት ስም

ዘመዴ ሐሙሲት ላይ ወፍጮ ቤት አለው። ሚኒባስም አለው። ዘመዴ የምለው የሴት ልጄን ባል አባት ነው። ፊት ለፊት አንቱ እንባባላለን፤ በልቤ ግን አንተ ነው የምለው።

በወፍጮው አልቀናሁበትም፤ ጩኸቱ ራስ ያዞራል። በሚኒባሱም ቢሆን ያን ያህል አልቀናሁም፤ ጎማ በፈነዳ ቁጥር ሲሳደብ ሰምቼዋለሁ። የቀናሁበት ሌላ ነው። ሰውዬው የትም ሲደርስ አቧራ የለበትም። ሠርግም ይሁን ልቅሶ፣ አሁን ከቤቱ የወጣ መስሎ ይደርሳል። እኔ ግን የትም ስደርስ መንገዱ አብሮኝ ይደርሳል፤ ጫማዬ ላይ፣ ጋቢዬ ጫፍ ላይ፣ ጉልበቴ ውስጥ። እሱን ሰው ሲያየው "እንዴት ዋሉ" ይለዋል። እኔን ሲያየኝ "ኸረ ውሃ ስጧቸው" ይላል። ከሰላምታ በፊት ውሃ የሚታዘዝለት ሰው መሆን ምን እንደሚመስል፣ የሆነ ያውቀዋል።

እኔ የጉና ሰው ነኝ። ገብስ፣ ድንች፣ ጥቂት በግ፣ አንዲት በቅሎ። ይህ ነገር ሲሆን ከቤቴ እስከ ደብረ ታቦር በእግር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ መኪና አለ፣ ለከፈለ። ፊደል የቆጠርሁት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው፣ አንባቢም ቀስ ብሎ ያንብበኝ።

እንግዲህ ከዚህ ሰው ጋር አንዲት የልጅ ልጅ አለችን። ነገሩ ሁሉ የእሷ ነው።

በአገራችን ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልደው እናቷ ቤት ነው። ልጄ ስትከብድ እኔም ጓዳውን አስለሰንሁ፣ የአልጋውን ጠፍር አስጠበቅሁ፣ ነፋስ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ በጭቃ ደፈንሁ። አንድ ቀን ዘመዴ ደወለ።

"ዘመዴ፣ እዚህ ሐኪም ቤቱ ደጃፋችን ላይ ነው። ምጥ ሲይዛት በዚያ ዳገት በቃሬዛ ልናወርዳት ነው?"

"ስንቱ ወልዷል በዚህ ዳገት" አልሁት።

"ስንቱስ ሞቷል?"

እውነቱን ነው። ሰው በውሸት ሲረታህ ትናደዳለህ፤ በእውነት ሲረታህ ግን ንዴቱን የምታስቀምጥበት ቦታ የለህም። መኪናውን ደብረ ታቦር ድረስ ልኮ ሚስቴን አስወሰዳት፤ ልጇ ስትወልድ ልታርሳት፣ ቅቤዋንና የገንፎ ዱቄቷን ይዛ ወረደች። የጠበቀው አልጋ ላይ እኔ ተኛሁበት።

ልጄ በሰላም ወለደች፤ ሴት። እግዚአብሔር ይመስገን አልሁ፣ ከልቤ ነው። ግን ለሚስቴ በደወልሁ ቁጥር አንድ ነገር ይወጋኝ ጀመር።

"ምን እየሠራሽ ነው?" እላታለሁ።

"ተቀምጫለሁ።"

"እንዴት ያለ መቀመጥ?"

"እንጀራው ይገዛል። ውሃው በቧንቧ ይመጣል። ልብስ የምታጥብ ሴት አለች። ምን ልሥራ ታዲያ? ተቀምጫለሁ።"

እሷን ካገባሁ ጀምሮ ያን ቃል ከአፏ ሰምቼው አላውቅም። እኔ ቤት ስትቀመጥ እንኳ እጇ አይቀመጥም፤ ጥጥ ትፈትላለች፣ ምስር ትለቅማለች። ሰውዬው ለሚስቴ መቀመጥን ገዛላት። እኔ በዚህ ሁሉ ዘመን ያልሰጠኋትን እሱ ለእንግድነት ሰጣት። እሷም፣ ድምፅዋ ሲሰማኝ፣ ወፍራለች።

አሁን ወደ ስሙ ልምጣ።

በእኛ ወገን ልማድ የመጀመሪያ ልጅን ስም የሚያወጣ የእናቲቱ አባት ነው። ቄሱ የሚሰጡት የክርስትና ስም ሌላ ነው፤ የዓለሙን ስም ነው የምለው። ልጅ ክርስትና በተነሣች ዕለት አያቷ አውራ ጣቱን ቅቤ ነክቶ ግንባሯን ይቀባና በሰው ፊት ስሟን ይናገራል። ከዚያ በፊት "ልጅቱ" ናት እንጂ ስም የላትም። ለልጄ ስሟን ያወጡላት አማቴ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እኔ ወጣት አባት ሆኜ ዳር ቆሜ ሳያቸው፣ "አንድ ቀን ይኼ ተራ የኔ ነው" ብዬ ነበር። እርሻም፣ በግም፣ ዘመንም ሲያታልለኝ ያ ተራ ግን ሲጠብቀኝ ኖሯል።

ስሙ የመጣልኝ ድንች ስኮተኩት ነው። ቀና ብዬ ወገቤን ሳሳርፍ መጣልኝ። እዚህ አልጽፈውም። ዘመዴ ያወጣውንም አልጽፈውም።

ልጄ በወለደች በሳምንቱ ደውላ "አባ፣ ማን እንበላት?" አለችኝ።

"ስመጣ እነግርሻለሁ።"

"አሁን ቢነግሩን ምን አለበት?"

"ስም በስልክ አይላክም። ስሙን ብልከው ቅቤው በምን ይመጣል?"

ሳቀች። "እንግዲያው ቶሎ ይምጡ" አለች። እኔ ግን ለሴት ልጅ ክርስትና ሰማንያ ቀን ነው፣ ሰማንያ ቀን ብዙ ነው፣ ምን ያስቸኩለኛል አልሁ። ደርሶ ለመመለስ ደግሞ የመኪና ያስፈልጋል። ሁለት ጊዜ ከምወርድ አንድ ጊዜ ልውረድ፤ ያን አንዱንም ባዶ እጄን አልወርድም። አንድ ሙክት በግ ነበረኝ። ጥጥር ያለ፣ ጀርባው ጠፍጣፋ፣ ገብስ አብልቼ ያደለብሁት። እሱን ይዤ እወርዳለሁ።

ክርስትናው ሲቃረብ ዘመዴ እንደገና ደወለ።

"ዓርብ ዕለት መኪናውን ደብረ ታቦር እልክልዎታለሁ።"

"እግር እያለኝ?" አልሁት።

"በጉስ?"

"በጉም እግር አለው። እንዲያውም አራት።"

እሱ ከት ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የሚስቴን መቀመጥ ቆጥሬበታለሁ፣ የተለሰነውን ጓዳ ቆጥሬበታለሁ፤ ደግሞ እንደ ጆንያ ተጭኜ ደጁ ላይ ልራገፍ? በራሴ ከፍዬ በመኪና መሄድ እችል ነበር። ግን ለእኔና ለበጉ የሚከፈለው ለልጄ የምይዝላትን ቅቤ ያስቀርብኛል። ስለዚህ እንዲህ አሰብሁ፤ ዛሬም ቢሆን አሳቡ ሞኝ አይመስለኝም። የእሱ አንድ ሰዓት ገዢ አለው፤ ወፍጮው ሲቆም ገንዘቡ ይቆማል፣ ስለዚህ ሰዓቱን ለማትረፍ ብር ይከፍላል። የኔን ቀን ማን ይገዛኛል? ክረምቱ እስኪገባ ባለው ጊዜ ቀኔን ገበያ ባወጣው፣ ዋጋ የሚጠይቀኝ የለም። ገዢ የሌለውን ነገር ደግሞ ሰው አይሰስትለትም። ብሩን አስቀረሁ፣ ቀኑን ከፈልሁ።

አንድ ነገር ብቻ፣ ሚስቴ በስልክ "በጉን ሸልተው" ብላኝ ነበር። የጉና በግ ጠጉሩ ረጅም ነው፤ ወደ ታች ሲወርድ ይሸለታል፣ ይህን በእኛ አገር ሕፃን ያውቀዋል። እኔም ሺህ ጊዜ ሸልቼ አውርጃለሁ። ያን ጊዜ ግን መቀሱን ይዤ ቆሜ ሳየው እጄ እምቢ አለኝ። በግ ሲሸለት ይኮሰምናል፤ ሥጋው ያው ነው፣ ለዓይን ግን ግማሽ ይሆናል። እኔ አቧራ ለብሼ ብደርስም በጉ ደመና መስሎ ይድረስ አልሁ። ዘመዴ በሩን ሲከፍት እኔን ሳያይ በጉን እንዲያይ ነበር የፈለግሁት።

ቅቤውን በቅል አድርጌ፣ ስሙን በልቤ ይዤ ወጣሁ። ስልኬንም አጠፋሁት፤ ባትሪው እንዳያልቅ፣ መንገድ ላይ ለማስሞላት ደግሞ ይከፈላል።

የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ታቦር አንድ የሥጋ ዘመዴ ቤት አደርሁ። በማግሥቱ ቁልቁለቱን ያዝን። በጉ ጥሩ ሄደ። ቆም እያለ ይግጣል፣ እኔም ቆም እያልሁ አገር አያለሁ። ሚኒባሶች ባጠገባችን ያልፋሉ፤ ሰው በመስኮት ያየናል፣ ወዲያው ያልፋል። ቅናት ሲይዝህ የሚያልፍህ መኪና ሁሉ የአንድ ሰው ይመስልሃል። ያልፈኝ የነበረ ሁሉ የዘመዴ ነው።

ሲመሽ ዓለም በር ደረስን፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ደጀ ሰላሙ ሥር፣ በጉን እግሬ ላይ አስሬ አደርሁ። ክርስትናው እሑድ ንጋት ነው፤ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ አለኝ። ሜዳው ላይ ከወረድሁ በኋላ ምን ይይዘኛል ብዬ ነበር።

ሜዳው ያዘኝ። ፎገራ ለኛ ለደጋ ሰዎች ቆላ ነው። ግንቦት ነው፤ ፀሐይዋ ከአስፋልቱ ተመልሳ ከሥር ትመታለች። ረፋዱ ላይ በጉ አፉን ከፈተ። ትንሽ ሄዶ ጎኑ ይመታ ጀመር። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ተቀመጠ። ጎተትሁት፣ ለመንሁት፣ ሳር አሳየሁት። አስፋልቱ ዳር፣ አንዲት ሾላ ጥላ ሥር፣ እግሩን አጥፎ ዓይኑን ጨፈነ።

ባጠገቡ ሽንኩርት በጆንያ የሚሞሉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ ቀና ብሎ አየንና ጓደኞቹን ጠራ።

"ኸረ እዩ! በዚህ ሐሩር በርኖስ አልብሰው አመጡት!"

"አባቴ፣ ከጉና ነዎት?" አለ ሌላው።

"ነኝ።"

"የጉና ሰው በግ አይሸልትም እንዴ?"

"ቸኩዬ ነው" አልሁ።

ሁሉም ሳቁ። "ቸኩለው ነው እንዲህ በእግር የሚሄዱት?" አለኝ የመጀመሪያው። ክፋት የለውም፤ ውሃም አመጣልኝ፣ ከሰላምታ በፊት ሳይሆን ከሳቅ በኋላ። እውነቱን የሚጠይቀኝ አጣሁ እንጂ፣ ቸኩዬ ሳይሆን ቀንቼ ነው ብል ይሻል ነበር።

ፀሐይ እስክትበርድ ልጠብቅ አልሁ። ፀሐይ ግን ለደሀ ብላ አትቸኩልም። ከሰዓት በኋላ ሆነ፤ በጉ እንደተቀመጠ ነው። ሐሙሲት ገና ሩቅ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ተሸክሜው ብሄድ እንኳ ንጋት ላይ እንደማልደርስ ያን ጊዜ ገባኝ። ቅቤውም ቅሉ ውስጥ ቀልጦ ነበር፤ ስነቀንቀው እንደ ውሃ ይንቦጫቦጫል።

አንድ ሚኒባስ አለፈንና ፍሬን ያዘ። ወደ ኋላ ተመለሰ። በሩ ተከፈተና ዘመዴ ወረደ፤ ቁልፉ ጣቱ ላይ፣ ሸሚዙ ንጹሕ፣ ጫማው ያበራል።

"አንቱ ሰው! ስልክዎን ምን ነካው?"

"ባትሪ እየቆጠብሁ ነው።"

"ባትሪ ቆጥበው ሰው ሊገድሉ! ሚስትዎ ከጠዋት ጀምሮ እያለቀሰች ነው። ደብረ ታቦር ደወልን፣ ‘ትናንት ወጥተዋል’ አሉን። ወረታን ሁለት ጊዜ ዞርሁት።"

የነገ ድግስ እያለበት፣ ወፍጮውን ዘግቶ፣ እኔን ፍለጋ ወጥቶ ነው። ሰዓቱ ብር የሆነ ሰው ሰዓቱን በኔ ላይ አፈሰሰው። ማመስገን ነበረብኝ፤ አፌ አመሰገነ። ልቤ ግን "ለመራራትም መኪና አለው" አለ። እኔ ለሰው ልራራ ብል እንኳ እስክደርስ ሰውየው ወይ ድኗል ወይ ሞቷል።

በጉን አየው። አልሳቀም፤ ቢስቅ ይሻለኝ ነበር። ከመኪናው የታሸገ ውሃ አወጣና ክዳኑን ፈትቶ በጉ ራስ ላይ አፈሰሰው። በብር የተገዛ ውሃ! ሁለተኛውንም ፈትቶ አፈሰሰ። በጉ ዓይኑን ገለጠ። እሱ በፊት እግሩ፣ እኔ በኋላ እግሩ ይዘን፣ ወንበሮቹ መካከል አስገባነው። ባለ ሽንኩርቶቹ "በርኖሱን አውልቁለት!" እያሉ ሸኙን።

ከጠዋት ጀምሮ ከፊቴ ተገትሮ የነበረው ኮረብታ፣ ጋቢዬን እስካስተካክል ከኋላ ሆነ። ይኼን ያህል ነው እንግዲህ አልሁ በልቤ። እሱ ይኼን ያህል ብቻ ነው የሚያውቀው። ያ ኮረብታ ለእሱ ኮረብታም አይደለም።

"ስሙን ይዘው መጡ?" አለኝ እየነዳ።

"ይዣለሁ።"

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ብዙ የሚያወራ ሰው ነው፤ ዝምታው ገረመኝ። ደክሞት ነው ብዬ ተውሁት።

ቤቱ ስንደርስ ወፍጮው በር ላይ ሴቶች ተቀምጠዋል፤ እህላቸውን በአህያ ይዘው ከገጠር የመጡ፣ ተዘግቶ ያገኙት፣ እስኪከፈት የሚጠብቁ። ከጎናቸው ደግሞ ሰው የሌለበት ጆንያ ተደርድሯል፤ የከተማ ሰዎች በተሸካሚ ልከውት ወደ ሥራቸው የሄዱ። ጆንያውም ይጠብቃል፣ ሴቶቹም ይጠብቃሉ። እሱን በመኪናው ያየችው አንዲት አሮጊት ተነሥታ እጅ ነሣችው። በእኔ ምክንያት ከጠዋት ጀምሮ የተቀመጠች ናት። ይቅርታ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ምን ብዬ እላታለሁ? በጉን ስላልሸለትሁት?

ሚስቴ በረንዳው ላይ ብድግ አለች። እውነትም ወፍራለች። እግሯ ታጥቦ ይታያል፣ ተረከዟ እንደ ልጅ ተረከዝ ለስልሷል። እኔን ስታይ አለቀሰች፣ ደግሞ ተሳደበች፣ ከዚያ ከልጄ እጅ ሕፃኗን ተቀበለችና ወደ እኔ ይዛት መጣች።

"ተመልከቺ" አለቻት፤ "ተመልከቺ፣ አያትሽ መጣልሽ" አለችና በስሟ ጠራቻት።

በስሟ። እኔ ያላወጣሁት ስም ነው።

ምላስዋ አልተደናቀፈም። ለወራት የተጠራ ስም እንዴት እንደሚወጣ ታውቁታላችሁ፤ ከአፍ አይወጣም፣ ይንሸራተታል እንጂ። እሷም ወዲያው ገባት፤ አፏን በነጠላዋ ያዘች። ልጄ መሬት መሬት አየች። ዘመዴ በጉን ለማውረድ ተመልሶ ሄደ።

"ማን ነው ያላት?" አልሁ።

ልጄ ነገረችኝ። ልጅቱ በተወለደች በሁለተኛው ሳምንት ለክትባት ሲወስዷት "ስሟ ማን ነው?" ተባሉ። "ገና ነች፣ አያቷ እስኪመጡ" ቢሉ፣ "ያለ ስም አይሆንም፣ ተሰልፏል፣ ቶሎ በሉ" አሏቸው። ከኋላ ሰው ይገፋል፣ ሕፃን ያለቅሳል። ልጄ ወዲህ ወዲያ ስትል ዘመዴ አንድ ስም ተናገረ። በዚያው ቀረ። መጀመሪያ ለሐኪም ቤት ብቻ ነበር፤ ቀጥሎ አጣቢዋ ጠራቻት፣ ጎረቤት ጠራት። ቆይቶ ሚስቴም።

"በስልክ ‘ልጅቱ’ ስትሉኝ የከረማችሁትስ?"

"ይከፋዎታል ብለን ነው፣ አባ።"

ወደ ሚስቴ ዞርሁ። "አንቺስ?"

"እኔ ምን ላድርግ?" አለች። አፍራ ነበር፣ ግን ሚስቴ ስታፍር ትቆጣለች። "አንተ ሰውዬ፣ አንተ በእግርህ እስክትመጣ እሷ ታድጋለች። ለቅሶዋን ስታለቅስ ምን ብዬ ላባብላት? ‘አንቺ ልጅ፣ አንቺ ልጅ’ እያልሁ?"

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላል። እኔ የሩቅ ዘመድ መሆኔን እስከዚያ ቀን አላወቅሁም ነበር።

ማታ ራት ላይ ዘመዴ ነገሩን በሰው ፊት አነሣው፤ ደፋር ነው፣ ይህንንም ቀናሁበት። "ዘመዴ፣ የተደረገው ለጊዜው ነው። ነገ ቅቤውን ቀብተው የርስዎን ስም ይጥሩ፤ ይቀየራል። ለወረቀቱ እኔ እሯሯጣለሁ፣ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው።"

እንደዚህ ነው። ለእሱ የማይመለስ ነገር የለም፤ የማይሆነውን ጫማ እንደሚመልስ ስሙንም ሊመልስልኝ ነው። ደግሞ ከልቡ ነው። ውሸቱን ቢሆን ኖሮ እሺ እለው ነበር። እሺ ብል ግን ስሙ ከእሱ እጅ የተቀበልሁት ይሆናል፤ መኪናው፣ ውሃው፣ የሚስቴ መቀመጥ፣ አሁን ደግሞ ተራዬ።

"ስም የተገዛ ዕቃ ነው እንዴ የሚመለስ?" አልሁት። "ተጠርታበታለች፤ ትጠራበት።"

እሑድ ንጋት ክርስትና ተነሣች። ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሰው ሁሉ ከቦኝ ልጅቱን አሳቀፉኝ። ቅቤው ሌሊት ብርድ ነክቶት እንደገና ረግቷል። አውራ ጣቴን ነክቼ ግንባሯን ቀባኋት። ልማዱን የሚያውቁ ከኛ ወገን የመጡ ነበሩና ጆሯቸውን አቆሙ። የኔ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሚስቴ ታየኛለች፣ ልጄ ታየኛለች። ዘመዴ ራሱን ነቀነቀልኝ፤ "በሉ" ማለቱ ነው።

"ያሳድግሽ" አልሁና ለእናቷ መለስኋት።

በጉስ? በጉ አልታረደም። "የደከመ በግ ሥጋው አይጥምም" አሉ፤ ልክ ናቸው። ዘመዴ ስልክ ደወለ፣ ብዙም ሳይቆይ በር ላይ ሌላ በግ መጣ፤ የተሸለተ። የኔው ወፍጮ ቤቱ ኋላ ታስሮ ፉርሽካ ሲበላ ከረመና ለእንቁጣጣሽ ታረደ። ደውለው "ምን ያለ ሥጋ መሰለዎት!" አሉኝ። እኔ ቤቴ ድንች እየበላሁ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በመኪና ነው የምሄድ፤ ራሴ ከፍዬ። ለመሳፈሪያ በግ እሸጣለሁ። ሚስቴ "ምነው ያኔ ቢሆን" ትለኛለች፤ ያኔ ግን አልሆነም። ስደርስም ልጅቱ ጋቢዬን ስትጠጋው ታስነጥሳለች፤ የበግ ጠጉር ይሸታታል መሰለኝ። ትሸሽና እሱ ጭን ላይ ትወጣለች። እሱ "አባባ" ነው፤ እኔ "የጉናው አባባ" ነኝ። መንገድ ሲዘጋ የእሱም መኪና እንደኔ ቤቱ ይቀመጣል፤ ያን ጊዜ ግን ልጅቱም አብራው ነው የምትቀመጠው። እንዲህ ያለ ጊዜ ነው ቅናቱ የሚብሰኝ።

ባለፈው መስከረም ማለቂያ፣ ገብሱ እሸት ይዞ፣ ዘመዴና ልጄ ልጅቱን ይዘዋት መጡ። አሁን አፏን ፈትታለች፤ የማትጠይቀው የለም። አዲስ ጥርጊያ መንገድ ወጥቶ መኪና አሁን ከኛ መንደር በታች ትምህርት ቤቱ ድረስ ይደርሳል፤ እኔና ሚስቴ በቅሎዋን ይዘን ወርደን ተቀበልናቸው። ከዚያ በላይ ዳገት ነው፤ እግርና በቅሎ እንጂ ሌላ አያውቅም። ዘመዴ ወርዶ ዳገቱን ቀና ብሎ አየው፣ ጉልበቱን ያዝ አደረገ፣ ተነፈሰ።

"እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ። ቤቱን አሳይተው፣ እሸቱን አብልተው ቶሎ ይመልሱልኝ። ወፍጮው ተዘግቷል።"

"እሺ" አልሁት።

ሚስቴና ልጄ ዕቃውን ይዘው በአቋራጩ ወጡ። እኔ ልጅቱን በቅሎዋ ላይ አስቀመጥኋት። ወደ ቤታችን ሁለት መንገድ አለ። አንዱ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሄድሁት በእሱ ነው፣ ጀርባዬ ላይ ሸክም እያለ ማን ይዞራል? ሌላው ምንጩን ዞሮ፣ በገብሱ መካከል፣ ቀስ እያለ ነው የሚደርስ። ረጅሙን ያዝሁ።

ምንጩ ጋ ስንደርስ በስሟ ጠራኋት። እኔ ባወጣሁት።

ወደ ኋላ ዞራ አየች። "ማንን ነው?"

"አንቺን።"

"እኔ እኮ እንደዚያ አይደለሁም" አለችና ሌላውን ስሟን ነገረችኝ፤ ጎላ አድርጋ፣ ለማይሰማ ሰው እንደሚነገር።

"እሱ የታች ስምሽ ነው። ይኼ የላይ ነው።"

አሰበች። በቅሎዋ ጥቂት ሄደች። "በቅሎዋስ ሁለት አላት?"

"የላትም። በቅሎዋ አንድ ብቻ ነው ያላት።"

ይህ ደስ አላት። ጋማውን ይዛ "አንድ ብቻ ነው ያለሽ" አለቻት።

ከታች ክላክሱ ጮኸ። አንዴ፣ ቆይቶ ደግሞ አንዴ። ልጅቱ ቀና አለች። "አባባ እየጠራን ነው።"

"ሰምቻለሁ" አልኋት።

ገብሱ ውስጥ ስንገባ አንድ ራስ እሸት ቀጥፌ በእጄ አሸሁና ሰጠኋት። ስታኝክ ጠብቄ፣ ሳላያት፣ ከፊት ከፊት እየሄድሁ፣ እንደገና ጠራኋት።

"አቤት" አለች፤ አፏ ሙሉ ነበር።

ክላክሱ አሁንም ይጮኻል። የበቅሎዋን ልጓም ሰብሰብ አድርጌ ያዝሁና እርምጃዋን አዘገየሁት።